«የኮምፒውተር ሳይንስ ዋና ዋና ኮርሶች ጊዜ ማባከኛ ናቸው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

የአክስቴ ልጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝና ከሥሩ «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? አውቶማታን ለማለፍ ያህል ብቻ ላጥናው?» ብላ ጠየቀችኝ። አውቶማታ ማሽን ጽሑፍን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያነብ በክብና በቀስት ሥዕል የሚያሳይ ኮርስ ነው። ጽሑፉን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። እኔ ከዚሁ ትምህርት ተመርቄ፣ ሶፍትዌር እየሠራሁ እንጀራዬን ስበላ 12 ዓመት አልፎኛል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው ከሁለት ዓመት በፊት ተመርቆ አሁን ዌብሳይት የሚሠራ ወጣት ነው። የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው። ዲስክሪት ማቲማቲክስ (የቆጠራ፣ የቀሪና የሎጂክ ሒሳብ) ለሥራ አይጠቅምም። ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም (መረጃን የማደራጃና ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ) ላይብረሪ ውስጥ፣ ማለትም ሌሎች በጻፉት ኮድ ውስጥ፣ ተዘጋጅቶ ስላለ መማር አያስፈልግም። ኮምፒውተር አርክቴክቸር (የማሽኑ ውስጣዊ አሠራር) እና ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ኮምፒውተር ለሚያመርት አገር እንጂ ለእኛ አይሆኑም። ዳታቤዝና ኔትወርክ ቪዲዮ እያዩ በሁለት ሳምንት ይለመዳሉ። አውቶማታና ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ከመውጫ ፈተና ውጪ ለምንም አይውሉም። ደግሞም አሁን ኮዱን የሚጽፈው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው። ስለዚህ አራቱ ዓመት በስድስት ወር ሥልጠና ይተካ።

ልጁ ብሶቱ እውነተኛ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ። ግን ጥፋቱን የጫነው ያላጠፋው ላይ ነው። በየተራ ልሂድበት።

«ዲስክሪት ማቲማቲክስ ምን ይረባል?»

ከተመረቀ ጀምሮ አንድም ቀን ሞዱሎ (ሲካፈል የሚተርፈውን) አስልቶ፣ ፐርሙቴሽን (ነገሮች በስንት ዓይነት እንደሚደረደሩ) ቆጥሮ እንደማያውቅ ይጽፋል።

ይህን ትምህርት ከሩቅ የመጣ ነገር አድርገን ስለምናየው ይመስለኛል። ቤተ ክህነት አካባቢ ያደገ ሰው ግን ባሕረ ሐሳብን ያውቃል። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል፤ 1 ነው። በ19 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ 29። አበቅቴና መጥቅዕ በየትኛውም ዓመት ቢደመሩ 30 ናቸው። ለምን? 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው። ሊቃውንቱ የፋሲካን ቀን ያወጡበት ይህ ስሌት፣ ዲስክሪት ክፍል ውስጥ ሞዱሎ ተብሎ የሚሰጠው ነው። በሌላ ስም ስለተጠራ ባዕድ አይሆንም።

ቆጠራውንም ልጨምር። «ኃይለሥላሴ» የሚለው ስም በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ስድስት ምርጫ ነው። ሥ ወይም ስ፣ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፣ ሁለት። 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24። አንድ ሰው፣ 24 አጻጻፍ። ይህ ቁጥር ሥራ ላይ ምን እንደሚያመጣ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

«አልጎሪዝም ላይብረሪ ውስጥ አለ»

አለ። እውነት ነው። ሶርት ማድረግ (በቅደም ተከተል መደርደር) ቢያስፈልግ አንድ መስመር ነው። ጸሐፊው ሊንክድ ሊስትን (መረጃን እንደ ሰንሰለት የሚያያይዘውን) በወረቀት ላይ መጻፍ ለኢንተርቪው ካልሆነ አይጠቅምም ይላል።

ቢሯችን አንድ ጎበዝ ልጅ ለልምምድ መጥቶ ነበር። ሁለት የስም ዝርዝር ሰጠነው። አንዱ የቆየ መዝገብ ነው፤ ሌላው አዲስ የተሰበሰበ። ሁለቱም ላይ ያሉትን ሰዎች አገናኝ አልነው። እሱም ከመጀመሪያው ዝርዝር አንድ ስም እያነሳ ከሁለተኛው ዝርዝር ስሞች ሁሉ ጋር የሚያነጻጽር ኮድ ጻፈ። ሉፕ በሉፕ ውስጥ። አጻጻፉ ስለሚለያይ በእያንዳንዱ ንጽጽር ላይ ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ይቀይራል። በ200 ስም ሞከረው። ዓይን ሳይጨፈን ጨረሰ። ደስ አለው፤ እኛም ደስ አለን።

ከዚያ እውነተኛው ፋይል መጣ። በእያንዳንዱ ወገን 60 ሺህ ስም። ምሳ በልተን ስንመለስ አስነሳው። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አላለቀም። ልጁ ኮምፒውተሩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ማሽን ጠየቀ።

ቁጭ ብለን በወረቀት ላይ አሰላነው። 200 በ200 ማለት 40 ሺህ ንጽጽር ነው። 60 ሺህ በ60 ሺህ ግን 3.6 ቢሊዮን ነው። ስሙ 300 እጥፍ ሲበዛ ሥራው 90 ሺህ እጥፍ በዛ። የትኛውም አዲስ ማሽን ይህንን አያድንም። «ሃሽ ቴብል ተምረሃል?» አልኩት። ሃሽ ቴብል የፈለጉትን ነገር ሌላውን ሳያዩ በቀጥታ የሚያገኙበት ማስቀመጫ ነው። «አዎ፣ ቢ ፕላስ ነው ያገኘሁት» አለኝ። «እና እዚህ ጋ ለምን አልተጠቀምክበትም?» ዝም አለ። ከዚያ ራሱ ገባው። እያንዳንዱን ስም አንዴ ብቻ አስተካክሎ ሃሽ ቴብል ውስጥ አስቀመጠ። ከሌላው ዝርዝር የሚመጣውን ስም ደግሞ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ፈለገ። ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ ነው፤ 120 ሺህ እርምጃ። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ሃሽ ቴብሉን ልጁ አልሠራውም፤ ላይብረሪ ውስጥ ነበረ። ጸሐፊው እስከዚህ ልክ ነው። ግን ላይብረሪው «እኔን ተጠቀም» ብሎ አይጣራም። የትኛውን ማንሳት እንዳለበት የሚያውቀው የተማረው ሰው ነው። ደግሞም ሀ እና ሐ ለእኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን የሚያውቅ ዝግጁ ሶርት እኔ አላየሁም። እሱን የሚሠራው አማርኛውንም አልጎሪዝሙንም የሚያውቅ ሰው ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚያገኘውን አልጎሪዝም እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ተቀምጦ፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ነው ያሰበው። ያተመው በ1959 ነው። እሱ ኮድ የጻፈባቸው ማሽኖች ዛሬ ከሥራ ውጪ ናቸው። ሐሳቡ ግን እስካሁን መንገድ ፍለጋ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

«አርክቴክቸርና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለእኛ አይደለም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም ይበልጥ ያመመኝ ይሄኛው ነጥብ ነው።

ጸሐፊው እኛ ኮምፒውተር አናመርትም፣ ስለዚህ ባይት (የመረጃ መለኪያ) እና ሬጅስተር (ማሽኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ማስቀመጫ) መማር ቅንጦት ነው ይላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የተሠራው ለእኛ ፊደል ስላልሆነ፣ ከማንም በላይ ባይትን ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

በሥራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ድርጅት የሰዎች መመዝገቢያ ሲስተም ነበር። የሙሉ ስም ቦታው 40 ነው። 40 ፊደል ለማንም ስም ይበቃል፤ ማንም አልተጨነቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ አቤቱታ መጣ። አንዳንድ ስሞች መጨረሻቸው ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይታያል። እነሱን በእጅ እያረሙ ቀጠሉ። ሲስተሙ ቫይረስ ገብቶበታል ያለም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጡ። ስማቸውን ቀይሬ ልጻፈው፤ ገብረእግዚአብሔር ተስፋዬ ይባሉ። መታወቂያቸው ላይ ተስፋዬ ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ገብረእግዚአብሔር ተስፋ» ይላል። ምንም የጥያቄ ምልክት የለም። ንጹሕ ስም ነው። ተስፋ የሚባል አባት ደግሞ ሞልቷል። ጸሐፊዋ «እርስዎ አይደሉም» አለቻቸው። ሰውዬው ሦስት ቀን ተመላለሱ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ደንብ በሆነው ዩቲኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ገብረእግዚአብሔር» 10 ፊደል ነው፤ 30 ባይት። ክፍት ቦታው 1 ባይት፣ በድምሩ 31። 9 ባይት ይቀራል። 9 ባይት ማለት ሦስት ፊደል ነው። ተ፣ ስ፣ ፋ። በቃ፣ 40 ሞላ። «ዬ» ቦታ አጣ። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነበር፤ ከ40 ያለፈውን ይቆርጣል። ቆረጣው ፊደል መሀል ላይ ሲያርፍ የጥያቄ ምልክቱ ይመጣል። ልክ ፊደል መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ግን ስሕተቱ አይታይም። የሰው አባት ስም ይቀየራል፤ ማንም አያውቅም።

ይህንን ያገኘሁት አዲስ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ስለማውቅ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዳታ በማሽን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ስለተማርኩ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ የስልክ መልእክትም ያው ነው። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው አጭር መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። ለመልእክቱ የተሰጠው 140 ባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል በ7 ቢት ይታሸጋል፤ የእኛው 16 ቢት ይወስዳል። ማሳወቂያ በአማርኛ የሚልክ ተቋም ይህንን ካላወቀ አንዱን መልእክት የሁለትና የሦስት ዋጋ ይከፍልበታል።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። 0.1 በባይነሪ፣ በ0 እና በ1 ብቻ፣ ልክ ሆኖ አይጻፍም፤ ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረው የፓትሪዮት ጸረ ሚሳይል ሲስተም ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ቆይቶ ነበር። ሰዓቱ የሚቆጠረው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነው። የተቆረጠችው ትንሽ ትርፍ ተጠራቅማ የሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆነች። ሲስተሙ የሚመጣውን ስከድ ሚሳይል በተሳሳተ ቦታ ፈለገው። 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ብርና ሳንቲምን በፍሎት (ነጥብ ያለውን ቁጥር አቀራርቦ በሚይዘው) የሚያስቀምጥ ዴቨሎፐር ባየሁ ቁጥር ይቺ ታሪክ ትመጣብኛለች።

ኦፕሬቲንግ ሲስተምስ? ቴራክ 25 የሚባል የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ 6 ሕመምተኞች ከልክ በላይ እጅግ ያለፈ ጨረር ተሰጣቸው፤ የሞቱም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሬስ ኮንዲሽን ነው። ባለሙያው የጻፈውን በፍጥነት ካረመ፣ የሶፍትዌሩ አንዱ ክፍል እርማቱን ሳያይ ሌላው ክፍል ሥራ ይጀምራል። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ላይ ችግሩ አይመጣም። እጁ የፈጠነው ላይ ነው የሚመጣው። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ ይህን የሚያግድ የብረት መቆለፊያ ነበር፤ በቴራክ 25 ላይ ለሶፍትዌሩ ታምኖ ተነሣ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲሠራ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ልቡ ነው።

«ዳታቤዝ በሁለት ሳምንት ይለመዳል»

ሴሌክት ማድረግ፣ ማለትም ከዳታቤዝ መረጃ መጥራት፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። እኔም እስማማለሁ።

ግን ይሄንን እንይ። ባልና ሚስት በአንድ ሒሳብ ይጠቀማሉ። 1,000 ብር አለ። እሱ መርካቶ ሆኖ፣ እሷ አዳማ ሆና፣ በአንዲት ቅጽበት 800፣ 800 ብር ለማውጣት ስልካቸውን ይነካሉ። የእሱ ጥያቄ ሒሳቡን ያያል፤ 1,000 አለ፣ ይበቃል። የእሷም ያያል፤ 1,000 አለ፣ ይበቃል። ሁለቱም 200 ብር ቀረ ብለው ይጽፋሉ። 1,600 ብር ወጣ፤ መዝገቡ ላይ 200 አለ። ኮዱ ብቻውን ሲሞከር አንድም ስሕተት የለበትም። ይህን የሚከለክለው ትራንዛክሽን የሚባለው ትምህርት ነው። አንድ ሥራ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከናወን ወይ ፈጽሞ አይከናወን፤ ሌላው መሀል ላይ ገብቶ ያላለቀ ነገር አይይ። ተማሪው ኤሲአይዲ ብሎ የትራንዛክሽን ደንቦችን አራት የመጀመሪያ ፊደል ሸምድዶ ያልፋል። ከአራቱ ፊደላት ጀርባ ያለው ግን የሰው ገንዘብ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን። ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ቀጥሎ ገንዘቡን ለማስመለስ ስም እስከመለጠፍ ተደረሰ። በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥርና ከማሽኑ የሚወጣው ብር ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ አገር በሙሉ ያየው ያን ጊዜ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ ሰው የሪሌሽናል ሞዴልን፣ መረጃን በቴብል (በሰንጠረዥ) የማስቀመጥን፣ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቋንቋ መጥቶ ሄደ፤ ባንኩም ሆስፒታሉም አሁንም በቴብል ነው የሚሠራው።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። ሰርቨሮቹ አልተቃጠሉም። ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ከኢንተርኔት የመንገድ ዝርዝር ላይ ወጣ፤ ስማቸውን ወደ አድራሻ የሚቀይረውም አብሮ ጠፋ። ስንቱ ሰው ዋይፋዩን እየነቀለ ሲሰካ አመሸ። ሰባቱን የኔትወርክ ሌየር (ደረጃ) የተማረ ሰው «ኢንተርኔት የለም» ሲባል የቱ ጋ ነው የተቋረጠው ብሎ ይጠይቃል።

«አውቶማታና ኮምፓይለር ለመውጫ ፈተና ብቻ»

የአክስቴን ልጅ ያስጨነቃት ይሄ ነው። የጸሐፊውም ምሬት እዚህ ላይ ይብሳል። ክብና ቀስት ስንሥል ከረምን፣ ከተመረቅኩ በኋላ አንድም ክብ አላየሁም ይላል።

ግን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ልክ መሆኑን የሚያጣራባት ሬጄክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መግለጫ) አለች። ሳይጽፋት የሚውልባት ሳምንት ያለ አይመስለኝም። ሬጄክስ ማለት ያ ክብና ቀስት ነው። እስቲቨን ክሊኒ የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስቀመጠው ሐሳብ ነው። እያንዳንዷ ሬጄክስ ወደ ክብና ቀስት ትቀየራለች፤ እያንዳንዱም የክብና የቀስት ሥዕል ወደ ሬጄክስ።

ይህን አለማስተዋል ምን ያመጣል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2019 ዌብሳይቶችን ከጥቃት የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለ ድርጅት አንዲት አዲስ ሬጄክስ በዓለም ዙሪያ ባሉት ሰርቨሮቹ ላይ ጫነ። ሬጄክሷ ወደኋላ እየተመለሰች ደጋግማ የምትሞክር ዓይነት ነበረች። ሰርቨሮቹ ሙሉ ጉልበታቸውን እሷ ላይ ጨረሱ። ለ27 ደቂቃ ያህል ብዙ የዓለም ዌብሳይቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ወደኋላ መመለስ ወደማያውቅ ሬጄክስ ሞተር ለመቀየር ወሰነ። ኬን ቶምፕሰን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው ያሳየው፤ ጽሑፉን አንዴ ብቻ፣ ፊደል በፊደል ማለፍ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስተምረው ኮርስ አውቶማታ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። «ስላልነገረችኝም» የሚለውን ቃል እዩ። ስለ፣ አል፣ ነገር፣ ች፣ ኝ፣ ም። በአንዲት ቃል ውስጥ ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ ማን እንደተናገረ አለ፣ ለማን አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለአማርኛ ፍለጋ ወይም ፊደል ማረሚያ መሥራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይህንን መፍታት አለበት። ሆርንሞርፎ የሚባለው የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚፈታ ሶፍትዌር የተሠራው በፋይናይት ስቴት ትራንስዱሰር ነው። ይህም ውጤት የሚያወጣ የክብና የቀስት ሥዕል ነው። የሠራው ማይክል ጋሰር የተባለ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው። እኛ ክቡን ለፈተና ስንሥል፣ እሱ በክቡ ግሳችንን ፈታበት። ይሄ ቁጭት ሊሆነን ይገባል።

አለን ቱሪንግ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 እንደማይቻል ያሳየውን ነገር ደግሞ አለቃዬ አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ «ይሄ ያልቃል» ወይም «ይሄ ሳያቆም ይቀራል» የሚል ማጣሪያ ሥራልን አለኝ። በየትኛውም ፕሮግራም ላይ ሳይሳሳት የሚሠራ እንደዚያ ያለ ማጣሪያ ሊኖር እንደማይችል አውቅ ስለነበር፣ ወራት ሳናባክን ገደብ የሚያበጅ ሰዓት ቆጣሪ ሠራን። የማይቻለውን ማወቅም ደመወዝ ያስቆጥባል።

«አሁን ኤአይ ይጽፈዋል»

ይጽፋል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ብዙ ድካም ቀንሶልኛል።

በቅርቡ የኢትዮጵያን ቀን ልክ መሆኑን የሚያጣራ ኮድ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት። በጥቂት ሴኮንድ የሚያምር ኮድ ሰጠኝ። ማብራሪያ አለው፣ ስያሜው ንጹሕ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ሞከርኩበት። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለኝ። አለ እንጂ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ኮዱ ለ4 ሙሉ በሙሉ የሚካፈለውን ዓመት ነበር የሚፈልገው፤ የፈረንጆቹን ደንብ። በዚያ ኮድ የተመዘገበ ሕፃን ቢኖር የልደት ቀኑን ሲስተሙ አይቀበለውም ነበር። የትኛውን ቀን መሞከር እንዳለብኝ የነገረኝ ሞዱሎ ነው። ያው ጸሐፊው አይረባም ያለው።

ኤአዩ ራሱ ከምን እንደተሠራ ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ እና ብዙ የማትሪክስ ብዜት ነው የሚያገኘው። በተጠቃሚነት ብቻ እንቅር ካላልን በቀር በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ነው።

ስድስቱ ወር

ማታ ማታ ከሚሰጡ ሥልጠናዎች በአንዱ ላይ አስተምራለሁ። ስለዚህ ሥልጠናን አልንቅም። ከሌላ ሙያ መጥተው በስድስት ወር ውስጥ ሥራ የያዙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ሥልጠናው የሚሰጣቸው መሣሪያ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ፍላሽ የሚባለውን የዌብ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ነበር። ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። ቀጥሎ አንጉላር ጄኤስ የሚባል ሌላ የዌብ መሣሪያ ተማርኩ፤ የእሱም ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ቆመ። ኤሲኤም የተባለው የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን ሥርዓተ ትምህርት ብታዩ ግን ዲስክሪት ስትራክቸርስ አለ፣ ዳታ ስትራክቸርስ አለ፣ ኮምፒውተር ኦርጋናይዜሽን አለ፣ ኮምፓይለር አለ። ያኔ የእጅ ስልክ የለም፤ ኢንተርኔትም የለም። ዛሬ ሁለቱም የሚሠሩት በእነዚሁ ነው።

አሁን ወደ ብሶቱ። ልጁ የተማረበትን ሁኔታ ሳስብ ልቤ ይሰበራል፤ እኔም በዚያው ነው ያለፍኩት። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስንማር ዴድሎክ የሚፈጠርባቸውን አራት ሁኔታዎች በቃላችን ወጣን። አንድም ቀን ግን ሁለት ፕሮግራሞች እርስ በርስ ተቆላልፈው ሲቀሩ በዓይናችን አላየንም። አሥር መስመር ኮድ ይበቃ ነበር። ላብራቶሪው ውስጥ ከሚሠራው ማሽን የማይሠራው ይበዛል። ስላይዱ ከመምህር ወደ መምህር የወረደ ነው። ጊት የሚባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ሥራ ቦታ ነው ያየሁት። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው የምርጫ ጥያቄ መሸምደድ ላይ ወደቀ። 50 ከመቶ ካመጣህ በቃ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም ላይ ደርሷል።

ግን ምግቡ ጥሬ ቀረበልኝ ብሎ እህሉን መጣል አለ? መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ለምን ሃሽ ቴብል በአማርኛ ስሞች አይሰጥም? ለምን ዳታ ሪፕረዘንቴሽን «ሀ» ስንት ባይት ናት ከሚለው አይጀምርም? ለምን አውቶማታ ክፍል ውስጥ አንድ የአማርኛ ግስ አይፈታም? ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና የፈለገ መምህር ይበቃል።

ለአክስቴ ልጅ ምላሼን በረጅሙ አልጻፍኩላትም። 200 ስሞች ላኩላትና «ኃይለሥላሴን በየትኛውም አጻጻፍ የምታገኝ ክብና ቀስት ሥለሽ ላኪልኝ። 24 መሆናቸውን አትርሺ» አልኳት።

ትናንት ማታ ከዶርም ደወለችልኝ። ሥዕሉን ጨርሳ ኮድ አድርጋዋለች። «24ቱንም ያዘ» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ግን ጋሼ፣ ኻን ረስተሃታል። ሰፈራችን ያለው ሱቅ ላይ ኻይሉ ተብሎ ነው የተጻፈው። ሰባት በሁለት በሁለት ነው፤ 28» አለችኝ።